ትንሽ ታብሌት ላይ የስክሪን ሬዞሉሽን ለውጥ ያመጣል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከ7 እስከ 9 ኢንች ያለ ታብሌት ሊገዛ የወጣ ሰው ብዙ ጊዜ አንድ ቦታ ላይ ይቆማል። ሁለት ታብሌቶች ፊቱ አሉ። መጠናቸው አንድ ነው፣ ራማቸውም ይቀራረባል። አንዱ ግን ስክሪኑ የተሻለ ሬዞሉሽን አለው ተብሎ ዋጋው ከፍ ብሏል። ታዲያ ይህችን ለምታህል ስክሪን ያ ሁሉ ፒክስል ምን ያደርጋል? ጥያቄው ተገቢ ነው። እንግሊዝኛ ላይ ብዙ ተጽፎበታል፣ ግን በአማርኛ ለሚያነብ ሰው መልሱ ትንሽ ይለያል። ለምን እንደሚለይ ከታች ታገኙታላችሁ።

በአጭሩ ንገሩኝ፣ ለውጥ አለው ወይስ የለውም?

ለማንበብ ከሆነ አለው፣ ያውም ትልቅ። ለቪዲዮ ከሆነ ብዙም የለውም። ከ300 ፒክስል በኢንች በላይ ሲሄድ ደግሞ ለአብዛኛው ሰው ልዩነቱ እየጠፋ ይመጣል፣ ስለዚህ ከዚያ በኋላ ለተጨማሪ ፒክስል ገንዘብ አትጨምሩ። ገንዘባችሁን የምትጨምሩበት ቦታ ከ180 ወደ 300 አካባቢ የሚወስደው እርምጃ ነው። እዚያ ላይ ያለው ለውጥ ዓይን ይሞላል።

ሬዞሉሽን ማለት የስክሪኑ ትልቅነት አይደለም እንዴ? ፒፒአይ የሚባለውስ?

አይደለም። ሬዞሉሽን ስክሪኑ ላይ ስንት ነጥቦች እንዳሉ ነው የሚናገረው። 1280 በ 800 ከተባለ በአንድ በኩል 1280፣ በሌላው በኩል 800 ነጥብ አለ ማለት ነው፣ በጠቅላላው አንድ ሚሊዮን ያህል። ፒፒአይ ደግሞ እነዚህ ነጥቦች አንድ ኢንች ላይ ስንት ሆነው እንደተጠጋጉ ይነግራችኋል። ዓይናችሁ የሚያየው ይህን መጠጋጋት ነው። ለዚህ ነው ሬዞሉሽኑን ብቻ ማወቅ የማይበቃው። 1920 በ 1200 የሆነ 11 ኢንች ታብሌት 206 ፒፒአይ ገደማ ነው፣ ያው ሬዞሉሽን 7 ኢንች ላይ ሲሆን ግን 323 ይደርሳል። ቁጥሩ አንድ ነው፣ የሚታየው ግን ሌላ።

ገበያ ላይ ያሉትን እንይ። አማዞን ፋየር 7 ባለ 1024 በ 600 ነው፣ 170 ፒፒአይ ገደማ። ፋየር ኤችዲ 8 ባለ 1280 በ 800፣ 189። የሳምሰንግ ጋላክሲ ታብ ኤ7 ላይት እና ታብ ኤ9 ሁለቱም 8.7 ኢንች ሆነው 1340 በ 800 ናቸው፣ 179 ይሆናል። አይፓድ ሚኒ ባለ 8.3 ኢንቹ 2266 በ 1488 ነው፣ 326። የሌኖቮ ሊጅን ታብ 8.8 ኢንች ላይ 2560 በ 1600 ይዞ 343 ይደርሳል። እንግዲህ ትንሽ ታብሌት የሚባለው ዓለም ለሁለት የተከፈለ ነው፦ 180 አካባቢ ያሉት ርካሾቹና ከ300 በላይ ያሉት ውዶቹ። በመሀሉ ያሉት ያንሳሉ።

የሰው ዓይን እስከ ስንት ድረስ ይለያል?

ርቀቱ ነው የሚወስነው። ስቲቭ ጆብስ በ2010 አይፎን 4ን ሲያስተዋውቅ፣ ከዓይን ከ10 እስከ 12 ኢንች ርቀት ላይ ለተያዘ ስክሪን 300 ፒፒአይ አካባቢ ድንበሩ ነው ብሎ ነበር። ሐሳቡ ጤነኛ ዓይን በአንድ ዲግሪ አንድ ስልሳኛ የተራራቁ ሁለት ነገሮችን ለይቶ ማየት ይችላል ከሚለው የሐኪሞች መለኪያ ጋር ይገጥማል።

ራሳችሁ ማስላት ትችላላችሁ። 8700ን ስክሪኑን በምትይዙበት ርቀት በሴንቲሜትር አካፍሉት። 40 ሴንቲሜትር ላይ ከያዛችሁት 218 ፒፒአይ ይበቃል። 30 ላይ ከያዛችሁት 290። አልጋ ላይ ጋደም ብላችሁ 25 ሴንቲሜትር ድረስ ካስጠጋችሁት ደግሞ 350 አካባቢ። ትንሽ ታብሌት በአንድ እጅ ስለሚያዝ ከትልቁ ይልቅ ወደ ፊት ይጠጋል። ስለዚህ ከትልቅ ታብሌት የበለጠ ፒፒአይ የሚያስፈልገው ትንሹ ነው። "ትንሽ ስለሆነ ዝቅተኛ ሬዞሉሽን ይበቃዋል" የሚለው ክርክር ግማሹ እውነት ቢሆንም ይህቺን ነገር ይረሳል።

አንድ ነገር ልጨምር። ይህ ስሌት ሁለት ነገሮችን ለይቶ ስለማየት እንጂ ሁሉንም የዓይን ችሎታ የሚገልጽ አይደለም። ዓይን የመስመር መሰበርን፣ ማለትም ቀጥ ያለ መስመር በትንሹ ደረጃ ሲሠራ፣ ከዚያ በላይ ይለያል። ወጣትና ጤነኛ ዓይን ያለው ሰውም ከመለኪያው በላይ ያያል። ስለዚህ ቁጥሩን እንደ መነሻ ያዙት።

በአማርኛ ማንበብ ምን የተለየ ነገር አለው? ጽሑፍ ጽሑፍ አይደለም እንዴ?

ብዙ ሰው የማያስበው ይህን ነው፣ እኔ ግን ዋናው ጉዳይ ይሄ ይመስለኛል።

ላቲን ፊደል ላይ አናባቢው ራሱን የቻለ ፊደል ነው። የኛ ፊደል ላይ ግን አናባቢው በፊደሉ እግር ወይም ጎን ላይ በምትለጠፍ ትንሽ ምልክት ይገለጻል። ሳልሱን ከኃምሱ የሚለየው ምንድን ነው? ሚ እግሩ ላይ አጭር ሰረዝ አላት፣ ሜ እዚያው ቦታ ላይ ትንሽ ቀለበት አላት። ቢ እና ቤ፣ ሊ እና ሌ፣ ፊ እና ፌ፣ ኪ እና ኬ ሁሉም እንደዚያው። ያቺ ቀለበት ቀለበት ሆና እንድትታይ መሀሏ ክፍት መሆን አለበት። ለዚያ ቢያንስ ሦስት ፒክስል ያስፈልጋል፦ አንድ ጥቁር፣ አንድ ነጭ፣ አንድ ጥቁር። ሁለት ፒክስል ብቻ ካገኘች መሀሏ ይደፈናል፣ ከሰረዙም አትለይም።

አሁን እናስላ። 180 ፒፒአይ ላይ አንድ ፒክስል 0.14 ሚሊሜትር ነው። አንድ ሚሊሜትር ተኩል ቁመት ያላት ደቃቅ ፊደል አሥር ፒክስል ገደማ ይደርሳታል። በአሥር ፒክስል ውስጥ ጬን ሳሉ እስቲ። ሦስት እግር፣ ጨን ከጠ የሚለዩት ጥቃቅን ምልክቶች፣ ከዚያ ደግሞ የኃምሱ ቀለበት። አይቻልም። ሶፍትዌሩ ጠርዙን በግራጫ እያለሳለሰ ሊያስመስለው ይሞክራል፣ ውጤቱ ግን የደበዘዘ ነጠብጣብ ነው። 326 ፒፒአይ ላይ ያቺው ፊደል ወደ 19 ፒክስል ታገኛለች፣ ቀለበቱም ይከፈታል።

አማርኛ ቋንቋችሁ ከሆነ አእምሯችሁ ከዐውዱ ይገምታል፣ ሚ ይሁን ሜ ሳትለዩ ታልፋላችሁ። ዐውዱ የማይረዳባቸው ቦታዎች ግን አሉ፦ የሰው ስም፣ የቦታ ስም፣ ግዕዝ ጽሑፍ፣ የምዕራፍና የቁጥር ምልክቶች። የግዕዝ ቁጥሮች ከላይም ከታችም ሰረዝ ስላላቸው ሲያንሱ ይጨናነቃሉ፣ ፮ እና ፯ እዚያ ጋ መለየት ያታግላል።

ከዚህም የባሰ አለ። ድጓ፣ ማለትም የቤተ ክርስቲያኑን የዜማ መጽሐፍ፣ የሚማር ሰው ያውቀዋል። የዜማው ምልክቶች፣ ይዘትና ደረት፣ ርክርክና ድፋት፣ ጭረትና ቅናት፣ ሂደትና ቁርጥ፣ ከቃሉ በላይ በደቃቁ ነው የሚጻፉት፣ ከነሱ ጋርም ደቃቅ ፊደሎች አሉ። ይህን በስካን የተነሣ መጽሐፍ 180 ፒፒአይ ስክሪን ላይ ዙም ሳያደርጉ መከተል የማይታሰብ ነው። በዐረብኛ ቁርአን የሚያነብም ሰው ሐረካቱ (የአናባቢ ምልክቶቹ) ላይ ተመሳሳይ ችግር ይገጥመዋል። ለእንደዚህ ዓይነት ንባብ የሚገዛ ሰው ሬዞሉሽን ላይ መቆጠብ የለበትም፣ ከሌላው ነገር ይቆጥብ።

ፒዲኤፍ ለማንበብ ነው የምፈልገው። 8 ኢንች ይበቃኛል?

ይህንንም ሰው ደጋግሞ ይጠይቃል፣ ምክንያቱም የአማርኛ መጽሐፍ በአብዛኛው በቴሌግራም የሚዘዋወረው በፒዲኤፍ ነው፣ የተማሪው መጽሐፍም፣ የመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤም እንዲሁ።

ችግሩ ፒዲኤፍ ገጹን እንደታተመ ማሳየቱ ነው። ፊደሉን ብቻ ማተለቅ አይቻልም፣ ዙም ስታደርጉ ገጹ አብሮ ይሰፋል። የኤ4 ወረቀት ስፋት 21 ሴንቲሜትር ነው። የ8 ኢንች ታብሌት ስክሪን ቁም ሲያዝ ስፋቱ 11 ሴንቲሜትር እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ገጹ በግማሽ ያንሳል። በፎንት መጠን 12 የተጻፈው 6 ሆኖ ይታያል፣ ይህም የመድኃኒት ካርቶን ውስጥ የሚገኘውን ወረቀት ያህል ነው። የግርጌ ማስታወሻ ካለማ ጭራሽ።

800 ፒክስል ስፋት ያለው ስክሪን ለእያንዳንዱ የወረቀቱ ኢንች 97 ፒክስል ብቻ ይሰጠዋል። 1200 ስፋት ያለው 145 ይሰጠዋል። አይፓድ ሚኒ በ1488ቱ ወደ 180 ይደርሳል። ለላቲን ጽሑፍ 145 ያስነብባል። ለአማርኛ ደግሞ 145 ላይ ዋናው ጽሑፍ ይነበባል፣ ሳልስና ኃምስ መለየት ግን ትኩረት ይጠይቃል፣ 180 ላይ ይቀላል። 97 ላይ ርእሱን ታነባላችሁ፣ ለሌላው ዙም ነው።

ይህን ስል ግን ፊደሉ በአካል ትንሽ መሆኑን ሬዞሉሽን አይቀይረውም። ጠርቶ የሚታይ ደቃቅ ፊደል ደቃቅ ነው። በቀን ለሰዓታት የኤ4 ፒዲኤፍ የምታነቡ ከሆነ፣ በጥሩ ሬዞሉሽን ካለው 8 ኢንች ይልቅ መካከለኛ ሬዞሉሽን ያለው 11 ኢንች ይሻላችኋል። ቅድም ያልኩት 206 ፒፒአይ ያለው 11 ኢንች ለዚህ ሥራ አይታማም፣ ዋጋውም ከአይፓድ ሚኒ በጣም ያንሳል።

ስልኬ ከታብሌቴ ለምን ጠርቶ ይታያል? ታብሌቱ እኮ አዲስ ነው።

የስልካችሁ ፒፒአይ ስለሚበልጥ ነው። ዝቅተኛ የሚባል ባለ 6.5 ኢንች ስልክ 1600 በ 720 ቢሆን እንኳ 270 ፒፒአይ ነው። 2400 በ 1080 ከሆነ 405 ይደርሳል። ከዚያ ላይ ዓይን አንሥቶ 179 ፒፒአይ ታብሌት ማየት ወዲያው ይታወቃል። ታብሌቱ ተበላሽቶ አይደለም፣ ስክሪኑን ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ የምታስተካክሉት ነገርም የለም።

እኔ ፊልምና ዩቲዩብ ብቻ ነው የማየው። ልጨነቅ?

አትጨነቁ። የሚንቀሳቀስ ምስል ላይ ዓይን ጥቃቅኑን አይከታተልም። 720 የሚባለው ቪዲዮ ራሱ 1280 በ 720 ነው፣ በርካሹ 1280 በ 800 ስክሪን ላይ በትክክል ይገጥማል። በቴሌግራም የሚላኩ ቪዲዮዎች ደግሞ ብዙዎቹ ከዚያም ያነሱ ናቸው፣ ተጨምቀው ነው የሚመጡት። 2560 ፒክስል ስክሪን ላይ ብትከፍቷቸው አያምሩም፣ ጉድለታቸው ይታያል እንጂ።

በተቃራኒው 800 ስክሪን ላይ ዩቲዩብን 1080 አድርጎ ማየት ዳታ ማባከን ነው ማለት ይቻላል፣ ምክንያቱም ታብሌቱ ተቀብሎ ያሳንሰዋል። ፓኬጅ እየገዛችሁ የምታዩ ከሆነ 480 ወይም 720 ላይ አድርጉት። ኔትፍሊክስ የሚያይ ሰው ደግሞ አንድ ሌላ ነገር ይወቅ፦ ዋይድቫይን የሚባል የቅጂ መከላከያ አለ፣ ርካሽ ታብሌቶች ላይ ብዙ ጊዜ ዝቅተኛው ደረጃ ኤል3 ነው የሚገኘው። እሱ ከሆነ ስክሪኑ የፈለገውን ያህል ፒክስል ቢኖረው ኔትፍሊክስ ከ480 በላይ አይሰጣችሁም።

ከፍተኛ ሬዞሉሽን ባትሪ አይጨርስም?

ሊጨርስ ይችላል፣ ግን ታሪኩ ሁለት ገጽ አለው።

ስክሪን ላይ ፒክስል ሲበዛ ከኋላ ያለው መብራት የሚያልፍበት ክፍተት ይጠባል። ተመሳሳይ ድምቀት ለማግኘት መብራቱ መጨመር አለበት። አፕል በ2012 ሦስተኛውን አይፓድ በ2048 በ 1536 ሲያወጣ ይህ በግልጽ ታየ። ከሱ በፊት የነበረው አይፓድ 2 25 ዋት-ሰዓት ባትሪ ነበረው። አዲሱ 42.5 ያዘ። ባትሪው ያን ያህል ሲያድግ የሥራ ሰዓቱ ግን አልጨመረም፣ ያው 10 ሰዓት ገደማ ነው የቀረው፣ ታብሌቱም ወፈረ፣ ከበደ። ያ ሁሉ ጭማሪ ስክሪኑና እሱን የሚያንቀሳቅሰው ቺፕ ጋ ነው የሄደው።

በዓመቱ ደግሞ ሌላ ነገር ታየ። የጎግል ኔክሰስ 7 በ2012 ሲወጣ 1280 በ 800 ሆኖ 4325 ሚሊአምፒር-ሰዓት ባትሪ ነበረው። የ2013ቱ ወደ 1920 በ 1200 ከፍ ብሎ ባትሪው ወደ 3950 ወረደ፣ ያም ሆኖ ለቀን ሥራ የሚበቃ ታብሌት ሆነ። ቺፑም ስክሪኑም ተሻሽለው ነበር። በዚያው ዓመት አይፓድ ሚኒም ከ1024 በ 768 ወደ 2048 በ 1536 ዘለለ፣ ማለትም ፒክስሉ አራት እጥፍ ሆነ።

ዛሬ ያለው ስክሪን ከዚያ ዘመን በጣም የተሻለ ነው። ስለዚህ ባትሪ ፈርታችሁ ዝቅተኛውን አትምረጡ። ባትሪ የሚጨርሰው በዋናነት የብራይትነሱ መጠን ነው። ፀሐይ ላይ እስከ መጨረሻው ከፍታችሁት የምትጠቀሙ ከሆነ የትኛውም ስክሪን ቶሎ ያወርደዋል።

ፍጥነቱን አይቀንስበትም?

ደካማ ቺፕ ላይ አዎ። ከ1280 በ 800 ወደ 1920 በ 1200 ሲኬድ የሚሣለው ፒክስል ከሁለት እጥፍ በላይ ነው፣ ወደ 2560 በ 1600 ሲኬድ አራት እጥፍ። ስም የሌለው ርካሽ ታብሌት "2ኬ ስክሪን" ብሎ 3 ጊጋ ራምና አሮጌ ቺፕ ከያዘ ተንተባታቢ ነው የሚሆነው። ጌም ላይ ብዙ ጨዋታዎች ራሳቸው በዝቅተኛ ሬዞሉሽን ሠርተው ስለሚያሰፉት ጉዳቱ ይቀንሳል። ሬዞሉሽንና ቺፕ አብረው ማደግ አለባቸው፣ አንዱ ብቻውን ከሮጠ አይሆንም።

ፒክስሉ ሲበዛ ጽሑፉ አያንስም?

አንድሮይድና አይፓድ ላይ አያንስም። ይህ ሥጋት የመጣው ከድሮ ዊንዶውስ ኮምፒውተር ነው። አንድሮይድ የስክሪኑን ጥግግት አይቶ አዝራሩንና ፊደሉን በአካል ተመሳሳይ መጠን እንዲኖራቸው ያደርጋል። ፒክስል ሲጨምር ያው መጠን ያለው ፊደል በብዙ ነጥብ ይሣላል፣ ስለዚህ ይጠራል።

ለልጄ ነው። ለልጅ ርካሹ አይበቃም?

ካርቱን ለማየት ይበቃል። ፊደል ለመቁጠርና ለማንበብ ከሆነ ግን ቆም ብላችሁ አስቡ። ልጆች ስክሪን ወደ ፊታቸው በጣም ያስጠጋሉ፣ ዓይናቸውም ከቅርብ ያለውን ከኛ በቀለለ ያያል። ከዚያ በላይ፣ ገና ሳልስና ኃምስን እየለየ ያለ ልጅ ከዐውድ መገመት አይችልም። እኛ የደበዘዘውን ሜ ገምተን እናልፋለን፣ እሱ ግን የሚያየውን ነው የሚማረው። ገበያ ላይ "የልጆች ታብሌት" ተብለው ሽፋናቸው የሚያማምር 7 ኢንቾች ብዙዎቹ 1024 በ 600 ናቸው። ለማንበብያ ይህን ከምትገዙ ያገለገለ ግን ጥሩ ስክሪን ያለው ታብሌት ብትፈልጉ ይሻላል። ይህንኑ ከገዛችሁም የፊደል ማስተማሪያ አፑ ፊደሉን በትልቁ የሚያሳይ መሆኑን እዩ፣ ፊደሉ ትልቅ ከሆነ ፒክስል ማነሱ አይጎዳም።

ለእናቴስ? 65 ዓመቷ ነው፣ ውዳሴ ማርያምና መዝሙረ ዳዊት ታነብበታለች።

ለእሳቸው ቅድሚያ የሚሰጠው የፊደሉ መጠን፣ የስክሪኑ ድምቀትና የታብሌቱ ክብደት ነው። ዕድሜ ሲገፋ በቅርብ ማየት ስለሚያስቸግር በመነጽር 40 ሴንቲሜትር ወይም ከዚያ በላይ ርቀው ነው የሚያነቡት። ፊደሉን በደንብ አተልቃችሁ በአፕ የሚያነቡ ከሆነ 190 ፒፒአይም ያገለግላቸዋል። የተረፈውን ገንዘብ ተለቅ ላለ ስክሪን አውሉት። የዜማ ምልክት ያለበት ስካን መጽሐፍ ከሆነ ግን ቅድም ያልኩት ይመለሳል።

ዝቅተኛ ሬዞሉሽን ዓይን ያበላሻል?

ፒክስል ዓይን አያበላሽም። የሚያደክመው ለረጅም ጊዜ ከቅርብ ማየት፣ ስክሪን ላይ ሲፈዙ ዓይን ሳያርገበግቡ መቆየትና ነጸብራቅ ነው። የደበዘዘ ደቃቅ ጽሑፍ ግን ሰውን ወደ ስክሪኑ እንዲጠጋ ያደርገዋል፣ በዚያ በኩል ድካሙን ያበዛል። በየ20 ደቂቃው ዓይንን አንሥቶ 6 ሜትር ያህል ራቅ ያለ ነገር ማየት ዓይን ሐኪሞች የሚመክሩት ነው፣ የትኛውም ታብሌት ላይ ይሠራል።

ሻጩ "ፉል ኤችዲ ነው፣ 4ኬም ያጫውታል" አለኝ። እንዴት ላረጋግጥ?

እነዚህ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። "4ኬ ያጫውታል" ማለት ቺፑ የ4ኬ ፋይል መክፈት ይችላል ማለት ብቻ ነው። ስክሪኑ 1024 በ 600 ሆኖም ያጫውታል። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ትልቁ ቁጥር የስክሪኑ ይሁን የቪዲዮው ለዩት። "ኤችዲ" የሚለው ቃል ብቻውን ምንም አይነግራችሁም፣ ሁለቱን ቁጥሮች ጠይቁ።

ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ሱቁ ውስጥ እያላችሁ ስክሪንሾት አንሡ። ከዚያ የፎቶውን ዝርዝር ክፈቱ፣ ስፋትና ቁመቱ ይጻፋል። 1024 በ 600 ካለ ነገሩ አለቀ። ሲፒዩ-ዜድ የሚባለውን አፕ ጭኖ ማየትም ይቻላል። ሁለቱም ግን ሶፍትዌሩ የሚለውን ነው የሚነግሯችሁ፣ በሐሰተኛ ታብሌት ላይ ሶፍትዌሩ ራሱ ተነካክቶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መጨረሻ ላይ ዓይናችሁን እመኑ። በቴሌግራም ያላችሁን አንድ የአማርኛ ፒዲኤፍ ወደ ታብሌቱ ላኩና ገጹን ሙሉ አድርጋችሁ ክፈቱ። ሚ እና ሜ ከተለዩ ስክሪኑ እውነተኛ ነው። ሻጩ ይህን ለማሳየት ከከለከላችሁ ሌላ ሱቅ ሂዱ።

ከሬዞሉሽን ሌላ ስክሪኑ ላይ ምን ልይ?

ድምቀቱንና ብርጭቆውን። ደጅ የምትጠቀሙበት ከሆነ የድምቀት ልዩነት ከፒክስል ልዩነት በላይ ይሰማችኋል፣ አይፓድ ሚኒ 500 ኒትስ (የድምቀት መለኪያ) ነው፣ ርካሾቹ ከዚያ በታች ናቸው። ርካሾቹ ላይ በብርጭቆውና በስክሪኑ መሀል አየር ያለበት ክፍተት አለ፣ ነጸብራቁን ያበዛዋል። በጎን ስታዩት ቀለሙ የሚገለበጥ ስክሪን ደግሞ አይፒኤስ የሚባለው፣ ከጎንም በደንብ የሚታየው ዓይነት አይደለም፣ ተዉት። ማንበብ ብቻ ከሆነ ፍላጎታችሁ የአማዞን የመጽሐፍ ማንበቢያ ኪንድልም አለ፦ የ2022ቱ መሠረታዊ ኪንድል ከ167 ወደ 300 ፒፒአይ አድጓል፣ ፀሐይ ላይ እንደ ወረቀት ይነበባል፣ ባትሪውም ለሳምንታት ይቆያል። የኤ4 ፒዲኤፍ ላይ ግን 6 ኢንች በመሆኑ ይቸገራል።

አሜሪካ ያለ ዘመድ ሊልክልኝ ነው። ምን ልበለው?

ዘመዶች ብዙ ጊዜ ፋየር ይገዛሉ፣ ምክንያቱም በቅናሽ ወቅት ዋጋው ወርዶ ይገኛል። ለቪዲዮና ለልጅ ምንም አይልም። ግን ፒክስሉ ዝቅተኛ ነው፣ ጎግል ፕለይም አብሮት አይመጣም። ለማንበብ ከሆነ ያገለገለ ወይም ታድሶ የሚሸጥ አይፓድ ሚኒ ጠይቁት። ከ2013 ጀምሮ የወጣ አይፓድ ሚኒ ሁሉ 326 ፒፒአይ ነው። የ2012ቱ የመጀመሪያው ግን 163 ነውና እሱን እንዳይገዛ ንገሩት። በጣም አሮጌዎቹ አዳዲስ አፖችን ስለማይቀበሉ የ2019ኙ ወይም ከዚያ ወዲህ ያለው ቢሆን ጥሩ ነው።

ያለኝ ዝቅተኛው ነው፣ ሌላ ለመግዛት አሁን አቅሜ አይፈቅድም። ምን ላድርግ?

ብዙ ማድረግ ይቻላል። መጽሐፉ ኢፐብ (EPUB) በሚባለው የፋይል ዓይነት ካለ ከፒዲኤፍ ይልቅ እሱን አውርዱ፣ ፊደሉ እንደፈለጋችሁ ያድጋል። ደማቅና ወፍራም ፊደል አትምረጡ፣ ወፍራሙ የኃምሱን ቀለበት ይደፍነዋል።

ፒዲኤፍ ብቻ ካላችሁ ታብሌቱን አግድም ያዙት፣ ከዚያ የማንበቢያ አፑ ውስጥ ነጩን ጠርዝ መቁረጫ ፈልጉ። ብዙዎቹ አፖች አላቸው። የኤ4 ገጽ በግራና በቀኝ ሁለት ሴንቲሜትር ተኩል ያህል ባዶ ጠርዝ ካለው፣ ሲቆረጥ ጽሑፉ 16 ሴንቲሜትር ይቀራል። የ8 ኢንች ስክሪን አግድም 17 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ፊደሉ ወረቀት ላይ ከታተመበት መጠን በትንሹ እንኳ ይበልጣል፣ ለእያንዳንዱ የወረቀት ኢንችም 200 ያህል ፒክስል ይደርሰዋል። ገጹን በሁለት ጊዜ ወደ ታች መግፋት ይኖርባችኋል፣ ግን ያው 1280 በ 800 ታብሌት ላይ ሚ እና ሜ ተለይተው ይነበባሉ።